የእንግሊዝኛና የስፓኒሽ ትምህርት ቤት ለአማርኛ ተናጋሪ ልጅ፦ ከሎተሪው እስከ ሦስተኛ ክፍል

በዋሽንግተን ዲሲና በአካባቢው ልጃቸው ሦስት ወይም አምስት ዓመት ሊሞላው የተቃረበ ወላጆች ብርዱ ሲገባ የሚያነሱት ጥያቄ አለ። ስፓኒሽ የሚያስተምረው ትምህርት ቤት ጥሩ ነው ይባላል፤ ግን ቤት አማርኛ፣ ውጭ እንግሊዝኛ፣ በዚያ ላይ ስፓኒሽ ሲጨመር ልጁ አይምታታበትም ወይ?

አይምታታበትም። ሐረር ወይም ድሬዳዋ ላደገ ሰው ሦስት ቋንቋ እየሰሙ ማደግ ብርቅ ነገር አይደለም። ልጁን የሚጎዳው የቋንቋው ብዛት ሳይሆን ወላጅ መሃል ላይ የሚወስዳቸው ሁለት ውሳኔዎች ናቸው። አንደኛው ትምህርት ቤቱን ለማገዝ ተብሎ አማርኛውን ከቤት ማስወጣት ነው። ሁለተኛው ትምህርቱ ገና ፍሬ ሳያፈራ ልጁን አንደኛ ወይም ሁለተኛ ክፍል ላይ ማስወጣት ነው። ስለዚህ ማመልከቻ ከመሙላታችሁ በፊት ቢያንስ እስከ አምስተኛ ክፍል እዚያ ልታቆዩት ትችሉ እንደሆነ ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ። በሚቀጥለው ዓመት ቤት ለመግዛት ወደ ሜሪላንድ ወይም ወደ ቨርጂኒያ ለመሻገር እያሰባችሁ ከሆነ፣ ዲሲ ውስጥ ያገኛችሁት ቦታ አብሯችሁ አይሻገርም።

ትምህርቱ እንዴት እንደሚሰጥ

ዱዋል ላንጉጅ የሚባለው በሳምንት ሁለት ቀን የስፓኒሽ ክፍለ ጊዜ መስጠት አይደለም። ሂሳቡም፣ ሳይንሱም፣ ንባቡም ራሱ በስፓኒሽ ይሰጣል። በአሜሪካ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ይህ አካሄድ በ1963 ከኩባ የተሰደዱ ቤተሰቦች በበዙባት ማያሚ፣ ኮራል ዌይ በተባለ ትምህርት ቤት ተጀመረ። በዲሲ ደግሞ ዛሬ ኦይስተር-አዳምስ የሚባለው ትምህርት ቤት ከ1971 ጀምሮ በሁለት ቋንቋ ሲያስተምር ቆይቷል። አሁን ምርጫው ሰፍቷል። ከከተማው ትምህርት ቤቶች መካከል ማውንት ፕሌዘንት ያለው ባንክሮፍት፣ አዳምስ ሞርጋን ያለው ማሪ ሪድ፣ ፓወል፣ ብሩስ-ሞንሮ እና ክሊቭላንድ አሉ። በመንግሥት ገንዘብ ነገር ግን በራሳቸው አስተዳደር ከሚሠሩት ቻርተር ትምህርት ቤቶች ደግሞ ሙንዶ ቬርዴ፣ ዲሲ ባይሊንጉዋል፣ በሞንቴሶሪ ዘዴ የሚያስተምረው ላምብ፣ እንዲሁም ከስፓኒሽ ሌላ ፈረንሳይኛም ያለው ስቶክስ ይገኛሉ።

ትምህርት ቤት ስትጎበኙ መጀመሪያ የምትጠይቁት ቀኑ በሁለቱ ቋንቋዎች መካከል እንዴት እንደሚከፈል ነው። 50/50 የሚሉት ከመጀመሪያው እኩል ይከፍላሉ፤ አንዳንዱ ጠዋትና ከሰዓት፣ አንዳንዱ ቀን በቀን፣ አንዳንዱ ሳምንት በሳምንት ያፈራርቃል። 90/10 ወይም 80/20 የሚሉት በሕፃናት ክፍሎች አብዛኛውን ቀን በስፓኒሽ አሳልፈው እንግሊዝኛውን በየዓመቱ እየጨመሩ አራተኛ ወይም አምስተኛ ክፍል አካባቢ እኩል ያደርሱታል። የክፍሉ ተማሪዎች ስብጥርም ይለያያል። ከልጆቹ ሲሶው ያህል ወይም ከዚያ በላይ ቤታቸው ስፓኒሽ የሚናገሩ ከሆኑ ልጆቹ እርስ በርስ ይማማራሉ። ስፓኒሽ የሚናገረው መምህሩ ብቻ ከሆነ ግን ልጆቹ ክፍል ውስጥ በስፓኒሽ ይመልሳሉ፣ መጫወቻ ሜዳ ሲወጡ ወደ እንግሊዝኛ ይመለሳሉ። ስለዚህ የምሳ ወይም የጨዋታ ሰዓት ላይ ለመጎብኘት ሞክሩ። ልጆቹ ሲጣሉና ሲሳሳቁ በየትኛው ቋንቋ እንደሆነ መስማት የትምህርት ቤቱን ወረቀት ከማንበብ ይበልጣል።

ቤቱ አማርኛ ብቻ ለሚሰማ ልጅ ሁለቱም ቋንቋዎች አዲስ ናቸው። እንዲህ ላለው ልጅ በእኛ አመለካከት 90/10 ወይም 80/20 መጀመሪያው ላይ ይቀለዋል። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹ ልጆችም ለስፓኒሹ እንግዳ ስለሆኑ መምህሯ ለሁሉም በምልክት፣ በሥዕልና በዘፈን ታስረዳለች፤ እሱ ብቻውን ወደኋላ የቀረ አይመስልም። 50/50 ላይ ግን የእንግሊዝኛው ግማሽ ቀን አብዛኛው ልጅ ያውቃል በሚል ግምት ሊሮጥ ይችላል። ይህን የምታጣሩበት ጥያቄ አለ፦ "ቤቱ ስፓኒሽም እንግሊዝኛም የማይናገር ልጅ ሲመጣ በእንግሊዝኛው ሰዓት ማን ነው የሚያግዘው?" ርዕሰ መምህሩ የኃላፊውን ስምና የሰዓቱን ፕሮግራም ጠቅሶ ከመለሰ ጥሩ ነው። "ልጆች ቶሎ ይለምዳሉ" ብሎ ካለፈው ዝግጅት የለም ማለት ነው።

ሎተሪው

በዲሲ የከተማው ትምህርት ቤቶችና ቻርተሮቹ ማለት ይቻላል ሁሉም ማይ ስኩል ዲሲ በተባለ አንድ ሎተሪ ይሞላሉ። ማመልከቻው በዲሴምበር አጋማሽ አካባቢ ይከፈታል። ከፕሪኬ 3 (የሦስት ዓመት ልጆች ክፍል) እስከ ስምንተኛ ክፍል ላሉት በማርች መጀመሪያ ይዘጋል፣ ውጤቱ በማርች መጨረሻ ይወጣል፣ ቦታ ያገኘ ልጅ እስከ ሜይ መጀመሪያ መመዝገብ አለበት። ትክክለኛው ቀን በየዓመቱ ትንሽ ስለሚንሸራተት ድረ ገጹ ላይ አይታችሁ ስልካችሁ ላይ ማስታወሻ ሙሉ። ዲሴምበር ውስጥ ኤድፌስት የሚባል ዝግጅት አለ፤ ትምህርት ቤቶቹ አንድ አዳራሽ ውስጥ ተሰብስበው ስለሚቆዩ ሥራ የሚበዛበት ሰው በአንድ ቀን ብዙዎቹን ማነጋገር ይችላል። የከተማዋ የ2004 የቋንቋ ሕግ አማርኛን ስለሚያካትት መረጃ በአማርኛ መጠየቅ፣ በስልክም አስተርጓሚ ይቅረብልኝ ማለት መብታችሁ ነው።

ማመልከቻው ላይ እስከ 12 ትምህርት ቤት በቅደም ተከተል ይሞላል። ብዙ ወላጅ የሚሳሳተው እዚህ ነው። "ያኛው ትምህርት ቤት ስለማይደርሰን የሚደርሰንን አንደኛ እናድርገው" የሚል ስሌት አይሠራም። ኮምፒውተሩ ለእያንዳንዱ ልጅ የዕጣ ቁጥር ይሰጥና መጀመሪያ አንደኛ ምርጫው ላይ ይሞክረዋል። እዚያ ካልደረሰው ወደ ሁለተኛው ያልፋል፤ ሁለተኛ አድርጋችሁ ስለጻፋችሁት ግን ዕድላችሁ አይቀንስም። ስለዚህ ከልባችሁ የምትፈልጉትን አንደኛ፣ ቀጥሎ የምትፈልጉትን ሁለተኛ እያላችሁ በእውነት ጻፉ። አራተኛው ከደረሰው ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ባሉት ተጠባባቂ ይሆናል፣ ከአምስተኛ በታች ካሉት ደግሞ ስሙ ይሰረዛል። የማትልኩበትን ትምህርት ቤት ቦታ ለመሙላት ብላችሁ መሃል አታስገቡ። ሦስት ታዋቂ ትምህርት ቤት ብቻ ጽፎ ማቆምም ይጎዳል፤ ተወዳጆቹ የሁለት ቋንቋ ትምህርት ቤቶች ተጠባባቂያቸው በመቶዎች የሚቆጠር ስለሆነ ባዶ እጅ የመቅረት ዕድሉ ከፍ ያለ ነው።

ቅድሚያ የሚባሉት ነገሮች ከዕጣ ቁጥሩ በፊት ይታያሉ። እዚያው የሚማር ወንድም ወይም እህት ያለው ቅድሚያ አለው። በከተማው ትምህርት ቤቶች የሰፈሩ ነዋሪ ቅድሚያ አለው። አንዳንድ ትምህርት ቤቶች ደግሞ ፉድ ስታምፕ ወይም ታኒፍ የሚባለውን የገንዘብ ድጎማ ለሚያገኙ፣ ቤት ለሌላቸውና በአሳዳጊ ቤተሰብ ላሉ ልጆች ቦታ ይይዛሉ፤ ጥያቄው ማመልከቻው ላይ ሲመጣ አፍራችሁ አትዝለሉት። በሰፈር ያለው የከተማ ትምህርት ቤት ሙሉ በሙሉ የሁለት ቋንቋ ከሆነ ከኪንደርጋርተን ጀምሮ ያለ ሎተሪ የመግባት መብት አለ። ለፕሪኬ 3 እና ለፕሪኬ 4 ግን የሰፈር ልጅም በሎተሪ ያልፋል። "ሰፈራችን ስለሆነ ዝም ብለን እንመዘግበዋለን" ብለው ማርችን ያሳለፉ ሰዎች ከተጠባባቂው ዝርዝር ጅራት ላይ ይሰለፋሉ።

አንዳንዶቹ የከተማ ትምህርት ቤቶች ስፓኒሽ ለሚናገሩና ለማይናገሩ ልጆች የተለያየ ዝርዝር አላቸው፤ ለስፓኒሽ ተናጋሪ ቦታ ያመለከተ ልጅ ይፈተናል። የሐበሻ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ በሌላው ዝርዝር ነው የሚያመለክተው። ሆኖም ከሳልቫዶር ወይም ከጓቲማላ የመጣች ሞግዚት ጋር ከሕፃንነቱ ጀምሮ የዋለና ስፓኒሹን በእውነት የሚናገር ልጅ ካላችሁ ፈተናው የወላጅን ዘር ሳይሆን የልጁን አንደበት ስለሚመዝን መሞከሩ አይከፋም።

ቦታ ሲደርሳችሁ የበለጠ የምትፈልጉት ሌላ ቢሆንም ተመዝገቡ። መመዝገብ ከላይ ካሉት ምርጫዎች ተጠባባቂነት አያስወጣችሁም፤ ቀኑ ሲያልፍ ዝም ካላችሁ ግን የያዛችሁትም ይሄዳል። ተጠባባቂው ዝርዝር ትምህርት ቤት በሚዘጋባቸው የሰመር ወራት ሁሉ ይንቀሳቀሳል፤ ትምህርት ከተጀመረ በኋላም እንኳ ያልመጡ ልጆች ቦታ ስለሚለቀቅ ስልክ ይደወላል። የምትመልሱበት ጊዜ አጭር ነው። ነሐሴ ላይ አገር ቤት የምትሄዱ ከሆነ ኢሜይላችሁን የሚያይና ወረቀት የሚያስገባ ሰው እዚህ ተዉ።

ዕድሜና ወረቀት

የዲሲ ሕግ ልጁ እስከ ሴፕቴምበር 30 ሦስት ከሞላው ፕሪኬ 3፣ አራት ከሞላው ፕሪኬ 4፣ አምስት ከሞላው ኪንደርጋርተን ይላል። ቨርጂኒያም ለኪንደርጋርተን ሴፕቴምበር 30ን ነው የምትጠቀመው፤ ሜሪላንድ ግን ሴፕቴምበር 1። አገር ቤት ለተወለደ ልጅ የልደት ቀኑ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ብቻ ከተጻፈ እዚህ ጋ ስሕተት ይገባል። ሴፕቴምበር 30 አብዛኛውን ጊዜ መስከረም 20 ላይ ይውላል፣ ጳጉሜን ስድስት ከሆነች በኋላ በሚመጣው ዓመት ግን መስከረም 19 ይሆናል። ሴፕቴምበር 1 ነሐሴ 26 ነው። ልደቱ በእነዚህ ቀናት ዙሪያ የሆነ ልጅ በአንድ ቀን የሒሳብ ስሕተት አንድ ዓመት ሊያጣ ይችላል። የልደት ካርዱም ሆነ የክትባት ካርዱ ሲተረጎም ቀኑ በፈረንጆች አቆጣጠር ተለውጦ እንዲጻፍ ተርጓሚውን አሳስቡት፤ ያለበለዚያ በ2013 የተከተበ ልጅ ኮምፒውተሩ ላይ ከመወለዱ በፊት የተከተበ ሆኖ ይታያል።

ስምም እንዲሁ። አንዱ ልጅ በአባቱ ስም፣ ሌላው በአያቱ ስም ተመዝግበው ከሆነ ትምህርት ቤቱ ወንድማማች መሆናቸውን ከስሙ አያውቅም። የወንድም ቅድሚያ ስትጠይቁ ማመልከቻዎቹን በአንድ የወላጅ አካውንት ሥር ሙሉና የሁለቱንም የልደት ወረቀት አዘጋጁ።

የዲሲ ነዋሪነት ማስረጃ ብዙ ሰው የሚጉላላበት ነው። ደሞዝተኛ ከሆናችሁ የዲሲ ግብር መቆረጡን የሚያሳይና ከ45 ቀን ያልበለጠው ፔይ ስተብ ብቻውን ይበቃል። ኡበር ወይም ታክሲ የሚነዳ ወላጅ ፔይ ስተብ ስለሌለው ሁለት ወረቀት ያጣምራል፦ ለምሳሌ የዲሲ መንጃ ፈቃድና ሊዝ፣ ወይም የመኪና ሬጅስትሬሽንና የመብራት ቢል። ለሊዙም ለቢሉም የተከፈለበት ደረሰኝ አብሮ ይጠየቃል፤ ሰው ደጋግሞ የሚመለሰው በዚህ ደረሰኝ ምክንያት ነው። ዘመድ ቤት በጥገኝነት የምትኖሩና ሊዝ የሌላችሁ ከሆነ ትምህርት ቤቱ ቤት ድረስ መጥቶ የሚያረጋግጥበት መንገድ እንዳለ ጠይቁ። በኑሮ ችግር ምክንያት ተደርባችሁ የምትኖሩ ከሆነ ማኪኒ-ቬንቶ በሚባለው የፌዴራል ሕግ ወረቀት ባይሟላም ልጁ ወዲያው መግባት ይችላል። ሜሪላንድ እየኖሩ በዘመድ የዲሲ አድራሻ ማስመዝገብ ግን አይሞከር፤ ሲደረስበት የዓመታቱ የትምህርት ክፍያ ተሰልቶ ይጠየቃል።

ስለ ኢሚግሬሽን ወረቀት የሚጠይቃችሁ አይኖርም፤ ከ1982ቱ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ ወዲህ የመንግሥት ትምህርት ቤት ልጅን በመኖሪያ ፈቃድ ምክንያት መከልከል አይችልም። የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ባዶ ቢቀር ምዝገባውን አያስቀርም።

ከጤና ወረቀቶቹ ቀድሞ የሚጀመረው ክትባት ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ክትባቱን በሙሉ የጨረሰ ሕፃንም እዚህ ይጎድለዋል። አገር ቤት በመደበኛነት የኩፍኝ እንጂ የጉድፍ ወይም ቺክን ፖክስ የሚሉት ክትባት፣ እንዲሁም የሄፓታይተስ ኤ ክትባት አይሰጥም። ፔንታቫለንቱ በሦስት ዶዝ ስለሚያበቃ የቴታነስና የዲፍቴሪያው ተጨማሪ ዶዝም ይቀራል። አንዳንዶቹ ዶዞች በመካከላቸው ሳምንታት ወይም ወራት ስለሚፈልጉ ኦገስት ላይ የተጀመረ አይደርስም። በዲሲ ማስጠንቀቂያ ከደረሳችሁ በኋላ በ20 የትምህርት ቀናት ካልተሟላ ልጁ ከክፍል ይወጣል። ለሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ከተጠየቀ ልጁ ሲወለድ የቢሲጂ ክትባት መውሰዱን ለሐኪሙ ንገሩ። ቢሲጂ የቆዳውን ምርመራ ያለ በሽታ ሊያሳብጠው ስለሚችል በደም እንዲመረመር መጠየቅ ትችላላችሁ። የሊድ (የእርሳስ መርዝ) የደም ምርመራና የጥርስ ወረቀትም አሉ፤ የጥርሱን ወረቀት የጥርስ ሐኪም፣ ሌላውን የልጁ ሐኪም እንዲሞላው አድርጉ።

"ቤት ውስጥ የምትናገሩት ቋንቋ ምንድን ነው?"

ከምዝገባው ወረቀቶች መካከል ይህን የሚጠይቅ አጭር ቅጽ አለ። ልጁ ዝቅ ያለ ክፍል ይገባብናል ብለው በመፍራት "እንግሊዝኛ" ብለው የሚሞሉ ወላጆች ብዙ ናቸው። እባካችሁ አታድርጉት። አማርኛ ብላችሁ ስትጽፉ ልጁ አጭር የእንግሊዝኛ መመዘኛ ይወስዳል፤ ካስፈለገው በሕግ የተረጋገጠ እገዛ ያገኛል። ዲሲም፣ ሜሪላንድም፣ ቨርጂኒያም ዊዳ የሚባለውን ፈተና ስለሚጠቀሙ በየዓመቱ እድገቱን በቁጥር ታያላችሁ። የተለየ ክፍል ውስጥ አይዘጋበትም። በሁለት ቋንቋ ትምህርት ቤት ውስጥ ይህ እገዛ የበለጠ ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ቀኑ በስፓኒሽ ሲያልፍ መምህሯ የልጁ እንግሊዝኛ ምን ላይ እንዳለ ላታይ ትችላለች። ወላጅ እገዛውን አልፈልግም ማለት ይችላል፣ ፈተናው ግን በየዓመቱ ይቀጥላል። ስለዚህ እገዛውን መተው ልጁን ከፈተናው አያድነውም።

የመጀመሪያዎቹ ወራት

ልጁ ትምህርት ቤት ውስጥ ዝም ሊል ይችላል፤ ሳምንታትም፣ አንዳንዴም ወራት። በዚህ ጊዜ የተባለውን ይሰማል፣ ትእዛዝ ይከተላል፣ ዘፈኑን ቤት መጥቶ ያንጎራጉራል፣ ግን አፉን አይከፍትም። አታስጨንቁት፤ እንግዳ በመጣ ቁጥር "እስቲ በስፓኒሽ ተናገር" አትበሉት። ሦስቱንም ቋንቋ በአንድ ዓረፍተ ነገር ቢቀላቅልም ጤነኛ ነው።

የሚያሳስበው ልጁ በአማርኛም ከእኩዮቹ ወደኋላ ሲቀር ነው። ሦስት ዓመት ሞልቶት በአማርኛ ሁለት ሦስት ቃል አገጣጥሞ የማይናገር፣ ስሙ ሲጠራ የማይዞር ወይም በቀላል አማርኛ የታዘዘውን የማይረዳ ልጅ መመርመር አለበት። ዲሲ ውስጥ ከ2 ዓመት ከ8 ወር እስከ 5 ዓመት ከ10 ወር ላሉ ልጆች ኧርሊ ስቴጅስ የሚባለው ማዕከል በነፃ ይመረምራል። ምርመራው በሚቻለው ሁሉ በልጁ ቋንቋ እንዲሆን የፌዴራሉ ሕግ ስለሚያዝ አማርኛ አስተርጓሚ ጠይቁ። "አንድ ቋንቋ ብቻ ተናገሩት" የሚል ምክር ከሰማችሁ አትቀበሉት፤ ሁለት ወይም ሦስት ቋንቋ መስማት የንግግር መዘግየትን አያመጣም፣ አንዱን መቁረጥም አያድንም።

አማርኛው ቤት ይቆይ

ወላጅ በተሰባበረ እንግሊዝኛ ልጁን ሲያናግር ልጁ ከሁለቱም የሚያገኘው ይቀንሳል። በአማርኛ ግን "ለምን?" ብሎ ሲጠይቅ ሙሉ መልስ፣ ተረት፣ ቁጣና ምርቃት ያገኛል። ክፍል ውስጥ በስፓኒሽ የሚሰማው አዲስ ሐሳብ የሚያርፈው በዚህ ላይ ነው። የዝናብን ነገር ቤት በአማርኛ የተረዳ ልጅ ትምህርት ቤት የሚቀረው የስፓኒሹን ስም መያዝ ብቻ ነው።

ስፓኒሽ ባትችሉም የምታግዙበት ጥሩ መንገድ አለ። ስፓኒሽ የሚነበበው እንደተጻፈ ነው፣ ለሕፃናትም የሚሰጠው በቀለም ቆጠራ ነው፦ ማ፣ ሜ፣ ሚ፣ ሞ፣ ሙ፣ ቀጥሎ ፓ፣ ፔ፣ ፒ፣ ፖ፣ ፑ። መ ሙ ሚ ብሎ ፊደል የቆጠረ ወላጅ ይህን አሠራር ያውቀዋል። አምስቱ የስፓኒሽ አናባቢዎች አ፣ ኤ፣ ኢ፣ ኦ፣ ኡ ስለሆኑ ሁሉም በፊደላችን አሉ። ኘ እና ቸ ለእኛ ልጅ ችግር አይደሉም፣ ምላስ ተንቀጥቅጦ የሚወጣው ር ደግሞ ለእንግሊዝኛ ተናጋሪው ልጅ እንጂ ለእሱ አይከብድም። እንደ አማርኛው ሁሉ በስፓኒሽም ግሱ ራሱ ማን እንደሠራው ስለሚናገር "እኔ" ወይም "እሷ" ሳይሉ መናገር ለልጁ እንግዳ አይሆንበትም። ማስታወስ ያለባችሁ ጥቂት ነገር ነው፦ ኤች ፊደል አይነበብም፣ ጄ እንደ ኸ ይነበባል፣ ሁለት ኤል ሲደረደር አብዛኛውን ጊዜ እንደ ይ ይነበባል፣ ቪ እና ቢ ድምፃቸው አንድ ነው። ይህን ይዛችሁ ትርጉሙን ባታውቁትም የልጁን መጽሐፍ አብራችሁ ማንበብና ሲሳሳት መስማት ትችላላችሁ። ማታ ማታ አሥራ አምስት ደቂቃ በቂ ነው። ከዚያ "ምን አለ? በአማርኛ ንገረኝ" በሉት፤ ታሪኩን መልሶ መናገር ከቻለ ገብቶታል።

የቤት ሥራው መመሪያ በስፓኒሽ ብቻ ከመጣ በስልክ ካሜራ ተርጉሙት፣ ለመምህሯም ደግሞ ጠዋት ላይ አንድ መስመር መመሪያ በእንግሊዝኛ እንድትጨምር ንገሯት። አብዛኞቹ ስላልተነገራቸው እንጂ እምቢ አይሉም።

ሁለተኛና ሦስተኛ ክፍል ላይ የሚመጣው ድንጋጤ

90/10 ውስጥ ያለ ልጅ መጀመሪያ ማንበብ የሚማረው በስፓኒሽ ነው። ስለዚህ አንደኛ ወይም ሁለተኛ ክፍል ላይ የጎረቤት ልጅ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ሲያነብ የእናንተው ሲንተባተብ ታያላችሁ። ወላጅ ልጁን የሚያስወጣው እዚህ ላይ ነው፣ ጊዜው ደግሞ ለማስወጣት ከሁሉም የከፋው ነው፦ ስፓኒሹ ገና አልጸና፣ እንግሊዝኛው ገና አልተጀመረ። ከዚህ በኋላ ሐሳባችሁን ለውጣችሁ መመለስ ብትፈልጉ ብዙዎቹ ከሕፃናት ክፍል በላይ ለሚገባ ልጅ የስፓኒሽ ፈተና ይጠይቃሉ።

መጠበቅ ለምን እንደሚያዋጣ ጥሩ ማስረጃ አለ። በኦሪገን ፖርትላንድ ከተማ ቦታው በሎተሪ ስለሚሰጥ ራንድ የተባለው የጥናት ድርጅት ያሸነፉትንና የተሸነፉትን ልጆች ማነጻጸር ቻለ። በ2015 ባወጣው ውጤት በሁለት ቋንቋ የተማሩት በእንግሊዝኛ ንባብ አምስተኛ ክፍል ላይ 7 ወር ያህል፣ ስምንተኛ ክፍል ላይ 9 ወር ያህል ቀድመው ተገኙ፤ በሂሳብና በሳይንስም አልተጎዱም። ትርፉ የታየው ዘግይቶ ነው። እንግሊዝኛን ገና የሚማሩ ልጆችም ተጠቅመዋል፣ ጥቅሙ ግን ቤታቸው የሚናገረውና ክፍሉ የሚያስተምረው ቋንቋ አንድ ለሆነላቸው ይበልጥ ነበር። የእኛ ልጅ ይህ አይሟላለትም፤ የእንግሊዝኛ እገዛውን አጥብቃችሁ መከታተል ያለባችሁም በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለተኛ ክፍል ሲጋመስ ከመምህሯ ጋር ተቀምጣችሁ የስፓኒሽ ንባቡ ከክፍሉ ደረጃ ጋር ይሄድ እንደሆነ ጠይቁ። ስፓኒሹ ደህና ከሆነ እንግሊዝኛው ይከተላል፤ ማንበብ የሚማሩት አንዴ ነው፣ ፊደሉም አንድ ዓይነት ነው። በሁለቱም ቋንቋ ፊደል ከድምፅ ጋር ማያያዝ ካልቻለ ግን የቋንቋ ብዛት ነው ተብሎ መታለፍ የለበትም፣ የንባብ ችግር ምርመራ በጽሑፍ ጠይቁ። ሦስተኛ ክፍል ላይ የመንግሥት ፈተና በእንግሊዝኛ ይጀምራል፤ በዲሲ ኬፕ፣ በሜሪላንድ ኤምካፕ፣ በቨርጂኒያ ኤስኦኤል ይባላል። የመጀመሪያው ውጤት ዝቅ ቢል ከዊዳው ውጤት ጋር አስተያዩት፤ በዓመት በዓመት ከፍ እያለ ከሆነ መንገዱ ትክክል ነው።

አፍተርኬር፣ መጓጓዣ፣ ወንዙን ለተሻገሩት

አፍተርኬር፣ ማለትም ከትምህርት በኋላ ልጁ የሚቆይበት ፕሮግራም፣ የሚሞላው ከትምህርት ቤቱ ምዝገባ ተለይቶ ነው፣ ቶሎም ያልቃል። የማታ ፈረቃ የምትሠሩ ከሆነ ትምህርት ቤቱ ውስጥ በተመዘገባችሁበት ቀን የአፍተርኬሩ ምዝገባ መቼ እንደሚከፈት ጠይቁ። ዲሲ ውስጥ ለመደበኛ ተማሪ ቢጫ አውቶቡስ የለም። ከአምስት ዓመት ጀምሮ ልጁ በተማሪ ካርድ አውቶቡስና ሜትሮ በነፃ ይሄዳል፤ አዋቂው ግን ይከፍላል። ከተማውን አቋርጦ በየቀኑ መመላለስ ፕሪኬ ላይ የሚቻል ይመስላል፣ ሁለተኛ ልጅ ሲወለድ ግን ቤተሰቡን ያደክማል። ካርታ ላይ ርቀቱን ሳይሆን ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ያለውን የመንገድ ጊዜ እዩ።

ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ለሦስት ዓመት ልጅ እንደ ዲሲ ለሁሉም ክፍት የሆነ ፕሪኬ የላቸውም፤ የመንግሥቱ ፕሪኬ በአብዛኛው የቤተሰብ ገቢ ይታይበታል። አርሊንግተን ውስጥ ክሌርሞንትና ኤስኩዌላ ኪ የስፓኒሽ ኢመርዥን፣ ማለትም ትምህርቱ ራሱ በስፓኒሽ የሚሰጥባቸው ትምህርት ቤቶች ናቸው፤ የሚገባው በማመልከቻና በሎተሪ ሲሆን ትምህርቱ በገንስተን መካከለኛ፣ ከዚያም በዌክፊልድ ሁለተኛ ደረጃ ይቀጥላል። ሞንትጎመሪ ካውንቲ ወረቀቶቹን በአማርኛ ያወጣል፤ የትኛው ፕሮግራም ለሰፈር ልጅ፣ የትኛው በሎተሪ እንደሆነ ለይታችሁ ጠይቁ።

ከአምስተኛ ክፍል በኋላ ወዴት እንደሚያልፍ መጠየቅ ያለበት ገና ፕሪኬ ሲገባ ነው። በዲሲ የከተማ ትምህርት ቤቶች ስፓኒሹ በማክፋርላንድ መካከለኛ፣ ቀጥሎም በሩዝቬልት ሁለተኛ ደረጃ ይቀጥላል፤ ኮሎምቢያ ሃይትስ ኤዱኬሽን ካምፓስም አለ። ኦይስተር-አዳምስ ራሱ እስከ ስምንተኛ ያስተምራል። ሙንዶ ቬርዴ፣ ላምብ፣ ዲሲ ባይሊንጉዋልና ስቶክስ ልጆቻቸውን ዲሲ ኢንተርናሽናል ወደተባለው ቻርተር ያስተላልፋሉ። ሁለተኛ ደረጃውን ሲጨርስ ዲፕሎማው ላይ የሚለጠፍ የሁለት ቋንቋ ማረጋገጫ ማኅተም በዲሲም፣ በሜሪላንድም፣ በቨርጂኒያም ይሰጣል። በአማርኛም የሚፈተኑበት ፈተና አለ፤ መጻፍንም ስለሚጨምር ፊደል ያልቆጠረ ልጅ መናገር ቢችልም አያልፈውም።